ኸበርና ማኅበር

በግዕዝ ቋንቋ «ኀበረ» የሚል ግሥ አለ፤ ትርጕሙም ተባበረ፥ አንድ ሆነ ማለት ነው። በአማርኛ የምንናገራቸው «ማኅበር»፥ «ኅብረት»፥ «ማበር» የሚሉት ቃላት ሁሉ ከዚሁ ግሥ የተገኙ ናቸው። በዐረብኛ ደግሞ እነዚሁ ሦስት ፊደላት በዚሁ ተራ ተሰልፈው «ኸበር» የሚል ቃል ይሰጣሉ፤ ትርጕሙ ግን ወሬ ወይም ዜና ማለት ነው። አማርኛን በመማር ላይ ያሉ ክቡራን አንባቢዎቻችን ሁለቱን ቃላት ጐን ለጐን ቢጽፏቸው ሁለቱንም ለማስታወስ ይቀላቸዋል።

ይሁን እንጂ እኛ ዛሬ እነዚህን ቃላት ይዘን የተነሣነው ስለ ሰዋስው ለመናገር አይደለም። ባለፉት ሰባ ዓመታት በዐረብ አገሮች የሆነውን ነገር ስንመለከት ታላቁ ጥያቄ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ሆኖ ስለ አገኘነው ነው። ይኸውም፥ ወሬ ባሕር ተሻግሮ ከቤት ወደ ቤት ሲገባ ተሰብስቦ የሚቀበለው ማኅበር ከሌለ ምን ፍሬ ይሰጣል? የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በካይሮ ከተማ በእንግድነት በቆየንባቸው ወራት፥ ማታ ማታ ከቡና ቤት ደጃፍ መቀመጥ ልማድ ሆኖብን ነበር። የካይሮ ሰዎች ቡናውንም ቡና ቤቱንም በአንድ ስም «አህዋ» ብለው ይጠሩታል። ቡና ከእኛ አገር ወደ የመን፥ ከየመንም ወደ መካና ወደ ካይሮ እንደ ተሻገረ የታወቀ ነው። በ1511 የመካ ገዥ ቡናን ሲከለክል የፈራው መጠጡን ብቻ አልነበረም፤ ሰዎች በሌሊት ተሰብስበው እየጠጡ መነጋገራቸውንም ጭምር ነበር። ክልከላው ብዙ አልቈየም። ቡና ቤትም ከዚያ ወዲህ በዐረብ ከተሞች ሁሉ የወሬ መነሻና የወሬ መድረሻ ሆኖ ኖረ። ጋዜጣ ሲመጣ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ጮኾ የሚያነብለት እዚያ ነበር፤ ራዲዮም በመጣ ጊዜ የመጀመሪያ መደርደሪያውን ያገኘው እዚያው ነው።

የግብፅ መንግሥት ራዲዮ በ1934 ተከፈተ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1938 የእንግሊዝ ራዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ በባዕድ ቋንቋ ሲናገር የመረጠው ቋንቋ ዐረብኛ ነበር። ኀያላን መንግሥታት የዐረቡን ጆሮ ለመያዝ የተሽቀዳደሙት ገና ቴሌቪዥን ሳይመጣ ነበር ማለት ነው። በ1953 ደግሞ ከካይሮ «ሳውት አል ዐረብ»፥ ማለት የዐረቦች ድምፅ፥ የሚባለው ፕሮግራም ተጀመረ። ሲጀመር በቀን የግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር፤ ዳሩ ግን ጥቂት ዓመታት ሳይሞላው ከሞሮኮ እስከ የመን የሚሰማ ኀይለኛ ድምፅ ሆነ። በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ማታ የኡም ኩልሡም ዘፈን በራዲዮ ሲተላለፍ መንገዱ ሁሉ ጭር ይል እንደ ነበር በቡና ቤቱ የተዋወቅናቸው አንድ ሸምገል ያሉ ሰው አጫውተውናል። ፊደል ያልቈጠረው ገበሬና ዶክተሩ አንድ ዜና ሰምተው በአንድ ዜና ይደሰቱ ነበር፤ በአንድ ዜናም ይቈጡ ነበር።

ነገር ግን ይህ ድምፅ የሚናገር እንጂ የሚሰማ አልነበረም። በሰኔ 1967 ጦርነት በተነሣ ጊዜ የግብፅ የጦር አውሮፕላኖች በመጀመሪያው ቀን ጧት በየሜዳቸው ሲቃጠሉ፥ ራዲዮው ግን የጠላት አውሮፕላኖች በብዛት መውደቃቸውን ያበሥር ነበር። እውነቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲገለጥ ሕዝቡ ያዘነው በሽንፈቱ ብቻ ሳይሆን በመታለሉም ጭምር ነው። እኚያ ሽማግሌ ይኸንን ሲነግሩን፥ «ያን ጊዜ ራዲዮውን ከመደርደሪያው አላወረድነውም፤ ከልባችን ግን አወረድነው» አሉን።

ስለምን አስቀድሞ የጠየቀ ሰው አልተገኘም? ብለን ብንመረምር መልሱ ሩቅ አይደለም። ከጦርነቱ ሦስት ዓመት በፊት በ1964 የወጣው 32ኛው ሕግ በግብፅ ያሉትን ማኅበራት ሁሉ ከአንድ ሚኒስቴር ሥር አግብቶ፥ መሪዎቻቸውን ለመለወጥና ማኅበሩንም ለመዝጋት ለባለ ሥልጣኑ መብት ሰጥቶ ነበር። የሠራተኛው፥ የጋዜጠኛው፥ የጠበቃው ስብሰባ ሁሉ የመንግሥትን ድምፅ መልሶ የሚያስተጋባ ከሆነ፥ «ይህ ወሬ እውነት ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ አፍ ከወዴት ይመጣል?

ከዚያ በኋላ የሳተላይት ዘመን መጣ። ኅዳር 1 ቀን 1996 በቀጠር ዋና ከተማ በዶሃ አልጀዚራ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሥራውን ጀመረ። በዚያው ዓመት ተዘግቶ ከነበረው ከእንግሊዝ የዐረብኛ ቴሌቪዥን የወጡ ብዙ ጋዜጠኞች ወደዚህ ጣቢያ ገቡ፤ ስለዚህ ሙያው ከለንደን፥ ገንዘቡ ከዶሃ፥ ቋንቋው ከዐረቡ ሁሉ ነበር። ዓለም አንድ ገበያ ሆነች የሚባለውን ነገር በዚህ መረዳት ይቻላል። በየጣራው ላይ እንደ ምጣድ የተዘረጉት የሳተላይት ሳሕኖች፥ ተቃዋሚና ደጋፊ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲከራከሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዐረብ ቤተ ሰብ አሳዩት። ይህም በእውነት ታላቅ ነገር ነበር። ሆኖም ጣቢያው የሌላውን አገር ገመና ሲያወጣ የራሱን አስተናጋጅ አገር ጉዳይ በዚያው ድፍረት ሲነካ አልታየም። ተመልካቹም ቢሆን ክርክሩን አይቶ ሲያበቃ መብራቱን አጥፍቶ ይተኛል እንጂ በማግሥቱ ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ የሚሠራው ነገር አልተሰጠውም።

ቀጥሎም ኢንተርኔትና የእጅ ስልክ መጡና ተመልካቹ ራሱ ተናጋሪ ሆነ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰዎች፥ ከሩቅም ከቅርብም፥ «እንግዲህ ስልኩ ራሱ ማኅበር ሆነ» አሉ። ነገሩ ግን እንደዚያ አልነበረም። በግብፅ መሐላ በምትባለው ከተማ በዚያ ዘመን ከሃያ ሺህ በላይ ሠራተኞች የነበሩት ታላቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ። ሠራተኞቹ በ1996 ሳይሆን ከዚያ ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ በታኅሣሥ 2006፥ ሥራ አቁመው መብታቸውን ስለ አስከበሩ ስማቸው ተጠርቶ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 2008 እንደ ገና ሥራ ለማቆም በተነሡ ጊዜ የካይሮ ወጣቶች በፌስቡክ አማካይነት አገሩ ሁሉ ከሠራተኞቹ ጋር እንዲቆም ጠሩ፤ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰውም ስሙን አስገባ። ያ ቀን በግብፅ ታሪክ ተጻፈ። በዓመቱ በ2009 በዚያው ቀን ወጣቶቹ ደግመው ቢጠሩ ግን የተከተላቸው ሰው ጥቂት ነበር። ገጹ ያው ገጽ፥ ስልኩም ያው ስልክ ነበር፤ የጐደለው በየመሥሪያው ጐን ለጐን ቆሞ የሚተዋወቀው የሠራተኛ ኅብረት ነበር።

በሰኔ 2010 ኻሊድ ሰዒድ የተባለው ወጣት በእስክንድርያ በፖሊሶች እጅ ተደብድቦ ሞተ፤ «ሁላችንም ኻሊድ ሰዒድ ነን» የሚለው ገጽም ብዙ ሕዝብ አሰባሰበ። ጥር 25 ቀን 2011 ሕዝቡ ወደ አደባባይ ወጣ። መንግሥት ጥር 28 ቀን ኢንተርኔቱንና የእጅ ስልኩን ቈረጠ። ይሁን እንጂ ወሬው ሲቋረጥ ሰው ወደ ቤቱ አልገባም፤ ይልቁንም የልጁን ድምፅ መስማት ያቃተው አባት ልጁን ፍለጋ ራሱ ወጣ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሠራተኞች በየፋብሪካው ሥራ አቆሙ፤ የካቲት 11 ቀን ፕሬዚዳንት ሙባረክ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። አደባባዩ ግን አደባባይ ነው፤ ሰው ይሰበሰብበታል እንጂ ሰው አይኖርበትም። ከዚያ ወጥቶ የተበተነውን ወጣት የሚሰበስብ የጸና ድርጅት ስላልነበረ፥ ሜዳው ቀድሞ ተደራጅተው ለነበሩት ለሁለቱ፥ ለጦር ሠራዊቱና ለእስላማዊው ወንድማማቾች ማኅበር ተተወ። በሐምሌ 2013 ደግሞ ጦሩ ሁለተኛውን አሸንፎ ብቻውን ቆመ።

አሁን ዐይናችንን ወደ ምዕራብ መልሰን ወደ ቱኒዚያ እንመልከት። በዚያ አገር የኢንተርኔት ቁጥጥር እጅግ የጠበቀ ስለ ነበረ ሕዝቡ የማይታየውን ከልካይ «ዐማር 404» ብሎ በቀልድ ስም አውጥቶለት ነበር፤ የተዘጋ ገጽ ሲከፈት የሚታየው ቍጥር 404 ነበርና። ታኅሣሥ 17 ቀን 2010 በሲዲ ቡዚድ ከተማ መሐመድ ቡዓዚዚ የተባለው የፍራፍሬ ነጋዴ ሚዛኑና ዕቃው ቢወሰድበት በራሱ ላይ እሳት ለኰሰ። የከተማዪቱ ሰዎች በስልካቸው የቀረጹትን ሰልፍ በፌስቡክ አወጡት፤ አልጀዚራም ከዚያ ወስዶ ለዓለም አሳየው። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ከግብፅ ጋር ይመሳሰላል።

ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ነው። ቱኒዚያ በ1946 በፈርሐት ሐሻድ የተመሠረተ ጠቅላላ የሠራተኞች ኅብረት አላት። ሐሻድ በ1952 ተገደለ፤ ኅብረቱ ግን አልሞተም። በየከተማው ጽሕፈት ቤት፥ በየጽሕፈት ቤቱም ወንበር፥ የስም መዝገብና የአባልነት መዋጮ ነበረው። የበላይ አመራሩ በመጀመሪያ ቢያመነታም እንኳ የአውራጃ ቅርንጫፎቹ በራቸውን ለሰልፈኛው ከፈቱ። ጥር 12 ቀን 2011 በስፋክስ፥ ጥር 14 ቀንም በቱኒስ ሥራ ቆመ፤ በዚያው ቀን ፕሬዚዳንት ቤን ዓሊ አገር ጥለው ሸሹ። በ2013 ሁለት የፖለቲካ መሪዎች ተገድለው አገሪቱ ወደ እርስ በርስ ጠብ ልታመራ በተቃረበችበት ጊዜም፥ ይኸው የሠራተኞች ኅብረት፥ የአሠሪዎች ማኅበር፥ የሰብአዊ መብት ሊግና የጠበቆች ማኅበር አራቱ በአንድነት ተነሥተው ተቃዋሚና ገዥውን አስታረቁ። በጥር 2014 አዲስ ሕገ መንግሥት ጸደቀ፤ አራቱም ማኅበራት በ2015 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። ሠራተኛና አሠሪ አንድ ሸንጎ ላይ ተቀምጠው አገር ማዳናቸው ሊደነቅ የሚገባው ነገር ነው።

ክቡር አንባቢያችን ግን ማኅበር ካለ ሁሉ ነገር አበቃ ብሎ እንዳይደመድም የሚያስጠነቅቅ ነገር ከዚሁ ከቱኒዚያ እናገኛለን። ሐምሌ 25 ቀን 2021 ፕሬዚዳንት ቀይስ ሰዒድ የምክር ቤቱን ሥራ አገዱ፤ በ2022 ሌላ ሕገ መንግሥት ወጣ። በዚያው ዓመት በመስከረም የወጣው 54ኛው ድንጋጌ ሐሰተኛ ወሬ ነዝቷል የተባለውን እስከ አምስት ዓመት፥ ነገሩ የመንግሥት ባለ ሥልጣንን የሚመለከት ሲሆንም እስከ ዐሥር ዓመት በእስራት እንዲቀጣ ፈቀደ። ጋዜጠኞችና ጠበቆችም ተከሰሱበት። ሐሰተኛ ወሬን መከላከል ተገቢ መሆኑን የ1967 ታሪክ ራሱ ያስተምረናል፤ ዳሩ ግን ያን ጊዜ ሐሰቱን የተናገረው የመንግሥቱ ራዲዮ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። እውነቱን ከሐሰቱ የመለየቱ ሥራ ለአንድ ወገን ብቻ ከተሰጠ፥ ማኅበሩም ወሬውም አብረው ይታሰራሉ።

ሌላም ችግር አለ። ዓለም በተቀራረበች መጠን ለማኅበራት የሚሆን ገንዘብ ከአውሮፓና ከአሜሪካ እየመጣ በዐረብ አገሮች ብዙ ድርጅቶች ተቋቁመዋል። መልካም የሠሩ አሉ። ነገር ግን ከውጭ የተገኘ ገንዘብ ለከሳሽ ምቹ ነው፤ በሰኔ 2013 በካይሮ አንድ ፍርድ ቤት በውጭ አገር ድርጅቶች ይሠሩ የነበሩትን 43 ሰዎች በእስራት ፈረደባቸው፤ በነጻ የተለቀቁት ከአምስት ዓመት በኋላ በታኅሣሥ 2018 ነው። በ2017 የወጣው የማኅበራት ሕግም እጅግ የጠበቀ ስለ ነበረ ብዙ ነቀፌታ ደርሶበት በ2019 በሌላ ተተካ። ከዚህ የምንማረው፥ አባሉ በገዛ ሳንቲሙ ያቆመው ማኅበር ድኻ ቢሆንም ሥሩ ከመሬት የገባ መሆኑን ነው።

ማኅበር ስንልም ኖቤል የተሸለሙትን ታላላቆቹን ብቻ ማለታችን አይደለም። በግብፅ ሴቶች በየወሩ ገንዘብ አዋጥተው በተራ የሚወስዱበትን ስምምነት «ገምዒያ» ይሉታል፤ ይኸውም የእኛ እቁብ ነው። እንዲህ ያለው ትንሽ ኅብረት ምን እንደሚያደርግ እኛ የተረዳነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤታችን ነው።

የወንድማችን ልጅ ለቤት ሥራ ወደ ቤይሩት ሄዳ ነበር። በሊባኖስ በ1946 የወጣው የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸውም «ከፋላ» በሚባለው ሥርዐት በአሠሪያቸው እጅ ነው። በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋው ሲወድቅ፥ በሽታውም ሲጨመርበት፥ አሠሪዎቿ ደመወዟን ከከለከሏት በኋላ ከቤት አስወጧት። በዚያ ወራት በኢትዮጵያ ቈንስላ ደጃፍ ከነሻንጣቸው የተጣሉ እኅቶቻችን ሥዕል በዓለም ሁሉ ታየ። እኛም አየነው። እናቷ ስልኩን ከእጇ ሳትለይ፥ እያንዳንዱን ሥዕል እያሰፋች የልጇን ፊት ትፈልግ ነበር። ወሬው በየሰዓቱ ይደርሰን ነበር፤ እንጀራ ግን በስልክ አይላክም።

በሦስተኛው ቀን ደወለች። «ጋሼ፥ አታስቡ፤ ከእኅቶቼ ቤት ነኝ» አለችን። እኅቶቼ የምትላቸው እሑድ እሑድ ዕረፍት የሚያገኙ ዐሥራ አንድ የኢትዮጵያ ልጆች ነበሩ። በደኅናው ጊዜ በጋራ አንዲት ክፍል ተከራይተው፥ ከየደመወዛቸው ጥቂት ጥቂት እያዋጡ፥ ያዋጡትን በአንድ ደብተር ይጽፉ ኖረዋል። ክፉ ቀን ሲመጣ ያቺ ክፍል ቤት፥ ያ ደብተር ዋስ ሆናቸው። በነሐሴ 4 ቀን የወደቡ ፍንዳታ ከተማዪቱን ባናወጠ ጊዜም ተጠራርተው የተገናኙት እዚያው ነው። ልጃችን በዓመቱ በደኅና ገባች። ሻንጣዋን ስትከፍት ከልብሷ በላይ ያ ደብተር ነበር። «ለምን አመጣሽው?» ብንላት፥ «የመጨረሻዋ ተመላሽ እኔ ነበርሁ፤ ደብተሩን ለማን እጥላለሁ?» አለች።

እንዲህ ያለው ሥራ የእነርሱ ብቻ አልነበረም። በ2015 በቤይሩት የቤት ሠራተኞች ተሰብስበው የሠራተኛ ማኅበር ቢያቋቁሙ የአገሪቱ የሥራ ሚኒስቴር ዕውቅና ነፍጓቸዋል። በ2017 ደግሞ እዚያው ያሉ የኢትዮጵያ ሴቶች «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለውን ድርጅት መሥርተው፥ በ2020 መከራ ጊዜ ለተቸገሩት ምግብ አከፋፍለዋል። እነዚህ ሴቶች የፈለጉት የሚያወራላቸው ብቻ አልነበረም፤ ወሬውን ተቀብሎ ወደ ሥራ የሚለውጥ እጅ ነበር፤ ያንንም እጅ ከራሳቸው አገኙት።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠው ሕዝብን የሚያገለግሉ አንባቢዎቻችን የማኅበር ምዝገባ ማመልከቻ ከጠረጴዛቸው ላይ ሲደርስ ይኸንን ቢያስቡት መልካም ነው። ወሬን ማገድ እንደማይቻል ከካይሮው ጥር 28 ቀን ታይቷል። ወሬን ብቻውን መልቀቅም እንደማይበቃ ከአደባባዩ መበተን ታይቷል። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉትን አንባቢዎቻችን ሳያውቁት አይቀሩም፤ «ቢያብር» የሚለው ቃል ከላይ ያነሣነው የ«ኀበረ» ልጅ ነው። እያንዳንዱ ክር ብቻውን ደካማ ነው። የተፈተለውን ክር የሚሸምነው ማኅበር ነው፤ የመንግሥትም ሰው ተግባር ሸማኔውን መጠበቅ እንጂ ክሩን መበጠስ አይደለም።